በወዳጃው መሃል የቆመው ማይክ

ለሴቶቹ ያንን ስነግራቸው ውሸት መሆኑን አላውቅም ነበር። «ይሄ ማይክ ሁላችሁንም አንድ ላይ ነው የሚሰማው፤ የማናችሁም ድምፅ ለብቻው አይወጣም» ነው ያልኳቸው። አልማልኩም፤ በትንሽ በትልቁ መማል አልወድም። «አማና ነው» ግን ብያለሁ። እሱም ለእኔ ከመሐላ አያንስም።

ያኔ የምኖረው ዓለም ገና ነበር፤ ከጅማው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በአንዲት የአገሬው ሴት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቼ። አገሬ ወሎ ነው። በትዳር መጣሁ፤ ትዳሩ ሲያበቃ እኔ እዚያው ቀረሁ። አከራዬን ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደ ሰፈሩ። ከእሳቸው ጋር አሥር ዓመት ስኖር፣ ኦሮምኛውን መናገር ባይሆንልኝም መስማቱን ለምጄዋለሁ። ሲቆጡ በኦሮምኛ ነው፣ ሲያዝኑም በኦሮምኛ፤ አማርኛቸው ለገበያና ለእኔ ነው።

የምሠራው መርካቶ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ነበር። መንዙማና የሼኾች ዳዕዋ ይቀዳል፣ እኔ አስተካክላለሁ፤ ሳሉን አወጣለሁ፣ የበር ድምፁን እቆርጣለሁ። ከሥራው ይልቅ የሚያደክመኝ መንገዱ ነበር። የማስተር ፕላኑ ዓመት ነው። ጧት ስወጣ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ይጠብቀኛል፣ ወይም ሲደርሱ ጎማ ይቃጠላል፤ ማታ ስመለስ ደግሞ ሚኒባሱ አየር ጤና ላይ «ከዚህ አላልፍም» ብሎ ያወርደናል። ሰው ከሰላምታ በፊት «መንገዱ ክፍት ነው?» ይባባል ነበር። የገበሬው መሬት ሊወሰድ ነው ተባለ፣ ተማሪው ተነሳ፣ የታሰረው ታሰረ፣ የሞተው ሞተ። እኔ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት እላለሁ፤ ሰላቴን እሰግዳለሁ፤ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ይጥለኛል።

የስቱዲዮው ባለቤት አንድ ቀን አዲስ ማይክ ይዞ መጣ። ዘንግ ቢጤ ነው፤ ጫፉ ላይ አራት ትንንሽ ጆሮዎች በአራት አቅጣጫ ተሰክተውበታል። «አምቢሶኒክ ይባላል» አለኝ፤ አዲስ መኪና እንደገዛ ሰው እየዞረው።

«ተራው ማይክ ፊቱ ያለውን ነው የሚሰማው። ይሄኛው ግን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከላይ፣ ከታች፣ ምንም አይቀረውም። አድማጩ ማዳመጫውን አድርጎ አንገቱን ሲያዞር፣ ድምፁ አብሮት አይዞርም፣ ባለበት ይቆያል። ቤቱ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው!»

ውጭ አገር ለሚታይ ዝግጅት የሴቶች ወዳጃ እንዲቀዳ ታዞ ነበር። ወዳጃ፣ እኛ አገር ሰው ሲታመም ወይም ዘመን ሲከፋ ተሰብስቦ በመንዙማና በዱዓ አላህን መለመኛ ነው። ዓለም ገናም የወሎዋም፣ የስልጤዋም፣ የአካባቢዋ ኦሮሞም ሴት አብረው ያደርጉታል። ወንድ አይገባበትም። ስለዚህ ማይኩንም መቅጃውንም ለእኔ ሰጠኝ።

ሴቶቹን ለማስፈቀድ የሄድኩት የአዴ ሳሎን ውስጥ፣ ሐሙስ ከዙህር ሰላት በኋላ ነው። ወዳጃውን የሚመሩት ሐጂያ ነበሩ፤ እሳቸውም የወሎ ሰው ናቸው፣ እርጅና አጉብጧቸዋል፣ መንዙማ ሲያወጡ ግን ድምፃቸው የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ ነው። አጠገባቸው የሰፈሩ ባለሱቅ ተቀምጣለች። እሷ የሰማችውን ሰፈሩ ሳይሰማ ስለማያድር «ሬዲዮ» እንላታለን፤ ፊት ለፊቷም እንላታለን።

«ድምፃችንን ወስደው ምን ሊያደርጉት ነው?» አለች ባለሱቋ።

«ይሰሙታል።»

«ማን? ወንድም?»

«ወንድም ሴትም።»

«እሰይ! ቤት ውስጥ ስጮህበት ያልሰማኝ ባሌ አሁን ከፍሎ ሊሰማኝ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሐጂያ በመቁጠሪያቸው ጉልበቷን መታ አደረጓት። «አንቺማ ያለ ማይክም ድምፅሽ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ይሰማል። ለሌሎቻችን ነው ነገሩ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ የአንዲት ሴት ድምፅ ተነጥሎ ለባዳ ወንድ ጆሮ የሚሄድ ከሆነ አልወድም። ጀማዓው አንድ ላይ ከሆነ ግን ዱዓ ነው፣ ዱዓ ቢሰማ ምን ነውር አለው? የቱ ነው?»

ያን ጊዜ ነው ያንን ቃል የሰጠሁት። የማይኩን ነገር ያወቅኩ መስሎኝ ነበር። «ሁሉንም ይሰማል» ሲባል፣ ሁሉንም ቀላቅሎ ይሰማል ማለት መሰለኝ፤ በር ላይ ቆሞ ወዳጃ እንደሚሰማ መንገደኛ። አሥራ ምናምን ዓመት ድምፅ ሳስተካክል ኖሬ፣ ይህን አለማጣራቴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አዴ ያን ቀን ቡና ያቀርቡ ነበር። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፣ መምህርነት የምትማር። ተማሪው በተነሳ ጊዜ ከትምህርት ቤቷ ጠፋች፤ ሁለት ጊዜ ሰዎች መጥተው ግቢያችንን ፈትሸዋል። አዴ ለመጣው ሁሉ «ዐረብ አገር ሄደች» ይላሉ። እኔም አምኛለሁ። ያኔ ዐረብ አገር ያልሄደ ማን ነበር?

ለወዳጃው በተቀጠረው ሐሙስ መንገዱ ከጧት ጀምሮ ተዘግቷል። እኔም ሥራ መሄድ አልነበረብኝም። ማይኩን ሳሎኑ መሃል፣ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት በሚደርስበት ቁመት አቆምኩት።

«ፊቱ ወዴት ነው?» አሉኝ ሐጂያ።

«ምልክቷ ያለችበት ነው ፊቱ።»

«እንግዲያው ወደ ቂብላ አዙሪው። ከእኛ ጋር እስከተቀመጠ ድረስ እንደ እኛ ይሁን።»

ወደ መካ አዞርኩት። አርባ የምንሆን ሴቶች ዙሪያውን ከበን ተቀመጥን። ሐጂያ ያወጣሉ፣ እኛ እንቀበላለን፤ ድቤው ይመታል፣ ጭብጨባው ይከተላል። እኔ መቅጃውን ጭኔ ላይ አድርጌ መብራቱን አያለሁ፤ ከንፈሬ ግን አላረፈም። ዱዓው ሲደርስ ሐጂያ ለአገሩ ሰላም ለመኑ፣ ለታሰረው፣ ለታመመው። ከዚያ እንደ ደንቡ ሁሉም በየራሷ ትለምናለች። በእኛ ወዳጃ የሚለመንለት ሰው ከነስሙ፣ ካለበት ቦታ ጋር ይጠራል፤ እገሊት፣ እዚህ አገር፣ እገሌ ቤት ያለችው። አላህ እንደማይስት ሁሉም ያውቃል፣ ግን እንዲህ ነው የተማርነው። አርባ ሴት በአንድ ጊዜ ስትለምን፣ ከድቤው ጋር፣ የጎንህን ሰው እንኳ አትሰማም። ለዚህም ነው ሰው እንደ ልቡ የሚናገረው። አዴ ከበሩ ጥግ ነበሩ፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው። ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ ያሉትን አልሰማሁም።

መንገዱ ተከፍቶ ስቱዲዮ የደረስኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ቅጂውን የገለበጥኩበትን ዲስክ ለባለቤቱ ሰጠሁት። ማዳመጫውን አደረገ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ክብ በማውሱ ያዞር ጀመር፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ያ ሰላም!» አለ። «ነይ፣ ነይ ስሚ። ይቺን ሴት ስሚያት!»

ማዳመጫውን ወሰድኩ። ክቧን ወደ በሩ ጥግ አዙሯታል። ድቤው ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ሌሎቹ ሴቶች ከሩቅ እንደሚሰማ ገበያ ሆነዋል። መሃሉ ላይ አንድ ድምፅ ብቻ፣ ጆሮዬ ሥር የተቀመጠ ይመስል።

«ያ ረቢ፣ ኢንተላ ኮ ናፍ ኤጊ።» አምላኬ፣ ልጄን ጠብቅልኝ። አዴ ናቸው። ቀጠሉ፤ የልጃቸውን ስም ጠሩ። ተጂ ከተማ ነው ያለችው አሉ፣ በእህቴ ቤት፣ ከወፍጮው ጀርባ፣ ከዓይን ሰውርልኝ አሉ። ቦታው እንደ ደንቡ ምንም ሳይጎድል ተነገረ።

እንግዲህ ልጅቷ ዐረብ አገር የለችም። ሁለት ጊዜ የፈለጓት ሰዎች ይህን ቢሰሙ፣ ተጂ ከእኛ ሠፈር በሚኒባስ ስንት ደቂቃ ነው?

«ምንድነው የምትለው? ኦሮምኛ ነው አይደል?»

«ስለ ልጇ ዱዓ ታደርጋለች» አልኩ። እውነት ነው፤ ጎዶሎ እውነት።

«መክፈቻው እሷ ናት። ሌላው ከእሷ በኋላ ይምጣ። ነገ ኦሮምኛ የሚችል ልጅ አመጣለሁ፣ ቃሉን በጽሑፍ ያወጣልናል፤ ከድምፁ ጋር ይላካል።»

ክፉ ሰው አልነበረም። የሰማው የአንዲት እናት ድምፅ ነው፤ ማንም የድምፅ ሰው የሚደነግጥለት። እኔም ሌላ ጊዜ ቢሆን እንደ እሱ እደሰት ነበር።

«በውስጥ ለውስጥ መንገዱ ያለፈ አይሱዙ ድምፅ ገብቶበታል» አልኩት። «ቤት ልውሰደውና ዛሬ ላጽዳው፤ ጧት አመጣዋለሁ።» አይሱዙው በእርግጥ አለ። ግን ለአይሱዙ እንዳልሆነ አላህም እኔም እናውቃለን። የቀረጽኩት ሁሉ ሁለት ቅጂ እንዲኖረው ልማዴ ነው፤ አንዱ ቤቴ፣ መቅጃው ካርድ ላይ ነበር፣ ሌላው ይህ ዲስክ። እሱ ወደ ኮምፒውተሩ ገና አልገለበጠውም። ክቧ የምትዞርበትን ፕሮግራም ዲስኩ ላይ ገልብጬ፣ በሻሽ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አየር ጤናን አልፈን ብዙም ሳንሄድ ፈታሾች ሚኒባሱን አስቆሙት። ውረዱ ተባልን፣ ተሰለፍን። ከፊቴ ያለውን ሰው ጫማውን አስወለቁት። ተራዬ ሲደርስ ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ ሻሹን ፈታ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የመንዙማ ቅጂ ነው።»

«ምን አለበት ውስጡ?»

«ዱዓ» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

በጣቱ ገለበጠው፣ ፊቴን አየ፣ ወደ ኋላዬ ያለችውን ሴት አየ። ደክሞታል፤ የእኔን ያህል ደክሞታል። «ጠቅልይው» አለኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ ሻሹን ደጋግሜ አጥብቄ ስቋጥረው፣ አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ «አይዞሽ፣ ደግሞ ሊያወርዱን ይችላሉ፣ ጉልበትሽን አትጨርሺው» ብለው አሳቁኝ።

የዐስርን ሰላት ሰግጄ አዴን ክፍሌ ጠራኋቸው። በሩን ዘጋሁ። ማዳመጫውን በሻሻቸው ላይ አደረግሁላቸውና ላፕቶፔ ላይ ክቧን ወደ በሩ ጥግ አዞርኳት። መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ የገዛ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚሰማ ማንኛውም ሰው። ከዚያ ፈገግታው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት አዴ።»

«ማነው የሰማው?»

«የስቱዲዮው ሰውዬ። ኦሮምኛ አይሰማም። ነገ ግን የሚሰማ ሰው ያመጣል።»

«አንቺስ?»

«እኔ ሰምቻለሁ። አውቄያለሁ።»

ማዳመጫውን አወለቁ፣ ጭናቸው ላይ አደረጉት። ገመዱን ጣታቸው ላይ ይጠመጥሙት ጀመር። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ለረቢ ነው የነገርኩት» አሉ በመጨረሻ። «አንቺን መች ጠራሁሽ?»

«አላወቅኩም ነበር አዴ። እንዲህ እንደሚለይ አላወቅኩም። ይቅር ይበሉኝ።»

«አላወቅኩም ማለትሽ ልጄን ያስመልጣታል?»

ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞርኩ። ምን ማድረግ እንደምችል ነገርኳቸው። አራቱ ጆሮዎች የሰሙት አራት ቦታ ተለይቶ ነው የተቀመጠው፤ ክቧ የምትዞረውም በዚያ ምክንያት ነው። አራቱን በአንድ ላይ ደምሬ አንድ ድምፅ ባደርጋቸውና አራቱን ባጠፋቸው፣ ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ማንም መዞር አይችልም። ለሴቶቹ የነገርኳቸው ማይክ ይሆናል። ለሰውዬው ግን ምንም አይጠቅመውም፤ ተራ ቅጂ ነው።

አዴ የሚያዳምጡኝ አልመሰለኝም። «ከአጠገቤ የነበሩትስ?» አሉ። «እዚያው ቤት ውስጥ፣ ያኔ፣ ማን ሰማኝ? ይሄ ዕቃሽ ያውቃል አይደል? አዙሪልኝ።»

ማዳመጫውን መልሰን፣ አንዱን ጆሮ እሳቸው አንዱን እኔ ይዘን፣ ክቧን በትንሹ ወደ ቀኝ አዞርኩ። ሐጂያ፣ ከሩቅ። አንዲት የምታለቅስ ሴት። ደግሞ በትንሹ። ከአዴ ጀርባ፣ ትከሻቸው ሥር፣ ሌላ ሴት አለች። አዴ «ተጂ» ሲሉ እሷ ዝም አለች፤ ወዲያው፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አሚን፣ ያ ረቢ፣ ተጂ ላይ ሰውራት፣ አሚን፣ አሚን» አለች።

ባለሱቋ ነበረች።

አዴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ሬዲዮ» አሉ። «ሬዲዮዋ ናት?»

እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማንም ሳትተነፍስ! ያቺ ሴት የጎረቤቷን የወጥ ጨው የምታወራ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አዴ ሱቋ በሄዱ ቁጥር፣ ሰው ፊት፣ በጩኸት «አዴ፣ ልጅሽ ከዐረብ አገር ደወለች?» ትላቸው ነበር። አዴ ልትነካካኝ ነው ብለው ተቀየሟት፤ ስኳር እንኳ ከሌላ ሱቅ ማስመጣት ጀምረው ነበር። ለካ ሱቅ የቆመው ሁሉ ልጅቷ ዐረብ አገር መሆኗን እንዲሰማ ነበር የምትጮኸው።

«እኔ ደግሞ ረግሜያታለሁ» አሉ አዴ። «በዚያው ዱዓ ላይም ስለ ምላሷ ሳልረግማት አልቀርም፣ ፈልጊው ብልሽ ይገኛል።» ሳቁ፤ ከሳቁ ሥር እንባ መጣ፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ከዚያ ደመርኩት። አንድ ሆነ። ሦስት ጊዜ አዳመጥነው። አዴ ያሉበት ቦታ ሲደርስ ድቤው፣ አሚኑና የአርባ ሴት ልመና አንድ ወፍራም ድምፅ ሆኖ ያልፋል። ጆሮዬን ሠርቼበት የኖርኩ ሴት ነኝ፤ «ተጂ» የሚለውን የት እንዳለ እያወቅሁ ላገኘው አልቻልኩም።

«አሁን የለሁም» አሉ አዴ።

«አሉ። ግን ከሁሉም ጋር ነው።»

«እሺ። አጥፊው ሌላውን።»

ዋናውን ከዲስኩም ከካርዱም አጠፋሁ። አልሳሳሁም ብል እዋሻለሁ። ሐጂያ ሲያወጡ ያለው፣ ድምፃቸው ከፊት መጥቶ ጭብጨባው ከኋላ የሚቀበልበት፣ ከጣሪያው የሚወርደው ድቤ፣ ሁሉም አብሮ ሄደ። በሕይወቴ ከቀዳሁት ሁሉ ይበልጥ የነበረው እሱ ነው።

ጧት ወደ መንገዱ ስወጣ አዴ ቀድመውኝ ሱቁ በር ላይ ነበሩ። ባለሱቋ እንደ ልማዷ ጮኸች። «አዴ፣ ከዐረብ አገር ተደወለ?»

«ትናንት ደወለች» አሉ አዴ፣ እሳቸውም ጮክ ብለው። «ሰላም ብላሻለች። ግማሽ ኪሎ ስኳር ስጪኝ።» ባለሱቋ ስኳሩን ስትመዝን ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ስቱዲዮ ስደርስ ኦሮምኛ የሚችለው ሰው ገና አልመጣም። ባለቤቱ ዲስኩን ከፈተ፣ አዳመጠ፣ ክቧን ፈለጋት፣ አጣት።

«የት አለ?»

«አንድ አድርጌዋለሁ።»

«ዋናውስ?»

«አጠፋሁት።»

«ሁለት ቅጂ የምትይዢ አንቺ? ሌላኛውስ?»

«እሱንም።»

ተቀመጠ። መጀመሪያ ያላመነኝ መሰለኝ፣ ቀጥሎ ፊቱ ቀላ። «ቢያንስ ለምን እንደሆነ ንገሪኝ። ተሳስቼ ነው በይ፣ ኮምፒውተሩ በላው በይ፣ የሆነ ነገር በይ!»

ያንን ብል ያምነኝ ነበር። ይቅርም ይለኝ ነበር። «ሴቶቹን የማናችሁም ድምፅ ለብቻው አይወጣም ብያቸው ነበር» አልኩት። «ይሄ ማይክ ያወጣል።»

«ለዚህ ብለሽ? ተመልሰን ልናስፈቅዳቸው አንችልም ነበር?»

ከዚያ በላይ ልነግረው አልቻልኩም። እሱም ከዚያ በላይ እንዳለ አውቋል፤ አይቶኛል። ቁልፉን እንድመልስለት እጁን ዘረጋ፤ አልተሰዳደብንም። ማዳመጫዬ የራሴ ነበር፣ እሱን ይዤ ወጣሁ። ያን ቀን መንገዱ ክፍት ነበር፤ ቤቴ በጊዜ ደረስኩ፣ ጋደም አልኩ፣ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ ሳልነቃ ተኛሁ።

የድምፅ ሥራ ከዚያ በኋላ አላገኘሁም፤ ብዙም አልፈለግሁም። አሁን ቡራዩ ነው የምኖረው፣ የሴቶች ልብስ እሰፋለሁ። ነገሩ ሲረግብ አዴ ልጃቸውን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ልጅቷ አስተማሪ ሆናለች። እናቷ ስለ ማይኩ ምንም አልነገሯትም፤ እኔም አልነገርኳትም። ሻይዋን እየጠጣች ክፍሏ ውስጥ የሚያስቸግሯትን ተማሪዎች ስታማልን ዋለች። አርባ ሁለት ናቸው አለች፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ፣ ማን ምን እንዳለ መለየት አልችልም አለች። አዴ ወደ እኔ አላዩም። እኔም ሻይ ጨመርኩላት።